ዘይቱን ማን ጨመረው?

እኚህን እናት ሰፈሩ «አውሎ» ነው የሚላቸው። ሲሄዱም ሲናገሩም ከፊታቸው የቆመ አይተርፍም። ባለቤታቸው ከሞቱ ወዲህ ወንዝ ዳር ባለች ቁራሽ መሬት ላይ ችግኝ እያፈሉ በመሸጥ አንድ ልጃቸውን ለወግ ለማዕረግ አብቅተዋል። ልጁ የጭነት መኪና ሾፌር ስለሆነ ኑሮው መንገድ ላይ ነው። ስለዚህ ገና አዲስ ሙሽራ የሆነችው ሚስቱ ከአማቷ ጋር ችግኝ ታጠጣለች።

ውሃውን ከወንዝ የምትስበው አንዲት ትንሽ የቤንዚን ፓምፕ ናት። አውሎ እሷን ማንም እንዲነካባቸው አይወዱም። አንድ ቀን ግን ወገባቸውን ያዛቸውና፣ «እስኪ ዛሬ ቤንዚኑን አንቺ ሙዪላት» አሉ። ምራትየዋ ታንከሩን እስከ አፉ ሞላችው።

በማግስቱ ጠዋት ፓምፗ ነጭ ጭስ ለቀቀች፤ አጉረመረመችና ጠፋች። አውሎ የዘይት መለኪያውን ዘንግ መዘው ቢያዩት ዘይቱ ከልኩ በላይ ወጥቷል፤ እንደ ውሃም ቀጥኗል። አሸተቱት። ቤንዚን ቤንዚን ይላል።

«ምነው ልጄ! ቤንዚኑን በዘይቱ ቀዳዳ ገለበጥሽው?»

«ኧረ እኔ ታንከሩ ውስጥ ነው የጨመርኩት፣ እማማ።»

«ታዲያ ዘይት በራሱ ይወልዳል? ዓይን የለሽም?»

ችግኝ ሊገዙ የመጡ ሰዎች ቆመው ይሰሙ ነበር። ምራትየዋ እጇን ታጠበች፣ ቦርሳዋን አነሳችና አክስቷ ቤት ሄደች።

ልጃቸው ከመንገድ ደወለ። «እማዬ፣ ምን ብለሻት ነው?»

«ያየሁትን ነዋ!» ብለው ጆሮው ላይ ዘጉበት።

ከዚያም የተበላሸውን ዘይት ቀድተው አዲስ ሞሉ። ፓምፗ ቀኑን ሙሉ እንደ ድሮዋ ሠራች፤ ታንከሩ ውስጥም ገና ቤንዚን ተርፏል። «አላልኩም?» አሉ ለራሳቸው። ሲነጋ ግን ዘንጉን ቢመዙት ዘይቱ እንደገና ከፍ ብሏል፤ ሽታውም ያው ነው። የአጥሩ በር እንደተቆለፈ አድሯል። ምራታቸውም የለችም።

ፓምፗን በጋሪ አስጭነው ወደ መካኒክ ወሰዷት። መካኒኩ ፍንጭት ጥርስ ያለው ተጫዋች ሰው ነው። ቤንዚንና አየር የሚያደባልቀውን ካርቡራተር ፈታትቶ መርፌ የምታክል ብረት አወጣ።

«ቤንዚን ሲበቃት የምትዘጋው ይቺ ነበረች። ጫፏ ተበልቷል። ሞተሩ ጠፍቶም ቤንዚኑ እየተንጠባጠበ ወደ ዘይቱ ይወርዳል። ለመሆኑ ማታ ማታ የቤንዚኑን መዝጊያ ይዘጉታል?»

«መዝጊያ አለው እንዴ?»

መካኒኩ ሳቁን ዋጠና ከታንከሩ ሥር በጭቃ የተደፈነች ማዞሪያ በጨርቅ ጠርጎ አሳያቸው።

«እስከ ዛሬስ ለምን ደህና ሆነች?» አሉ አውሎ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«ስንት ይጨምሩላት ነበር?»

«ለቀኑ የሚበቃትን ብቻ።»

«ታዲያ ታንከሩ ባዶ ካደረ ምኑ ይንጠባጠባል? አሁን ሞልቶ ሲያድር ነው ጉዱ የወጣው። ደግነቱ ቶሎ አመጧት። በቀጠነ ዘይት ብትሰነብት ብረት ከብረት ተፋጭቶ አልቆላት ነበር።»

መርፌዋን ቀየረ፣ ዘይቱንም ለወጠ። አውሎ ግን ፓምፗን እዚያው ትተው ቀጥታ አክስትየዋ ቤት ሄዱ። በሩ ላይ ሲደርሱ፣ በዕድሜያቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይሆን አይቀርም፣ ቀስ ብለው አንኳኩ።

«ልጄ፣ ጥፋቱ የፓምፗ ነው… አይ፣ የኔ ነው። አላውቅም ማለት አቅቶኝ ባንቺ አላከክሁ።»

ምራትየዋ ቀና ብላ አላየቻቸውም። «እኔን የከፋኝ የፓምፑ ነገር አይደለም፣ እማማ። ሰው ፊት ነው ያዋረዱኝ።»

«ሰው ፊት እክስሻለሁ።»

አክስትየዋ ወንበር ሳበችላቸው። ምራትየዋ የዚያን ዕለት አብራቸው አልተመለሰችም፤ እሳቸውም አልተጫኗት። በሦስተኛው ቀን፣ ፓምፗም ከመካኒኩ ከተመለሰች በኋላ፣ በራሷ ጊዜ መጣች።

አውሎም ቃላቸውን ጠበቁ፤ ያውም እንደ አመላቸው። የቲማቲም ችግኝ ለጠየቀ ሁሉ፣ «ቆይ፣ መጀመሪያ ይሄን ስማ» እያሉ ምራታቸውን እንዴት እንደበደሉ ከዘንጉ እስከ መርፌው ይተርኩለት ጀመር። የሰማም ያልሰማም፣ መንገድ ጠፍቶት የገባም አላመለጣቸውም።

አንድ ቀን ምራትየዋ ችግኝ የምታጠጣበትን የውሃ ጎማ ጣለችና ፊቷን በእጇ ሸፈነች። «እማማ፣ በናትዎ ይበቃል! አሁን ደግሞ እኔ አፈርኩ!»

አውሎ ሳቁ። እሷም ሳቀች። ጎማው ውሃውን እየረጨ መሬት ለመሬት ይሳብ ነበር፤ ተሯሩጠው ያዙት።