ፊቷን ያዞረችው አድማጭ

ቪንካ የደሴቱን ቤተ ጸሎት ቁልፍ ከያዘች ሃያ ስድስት ዓመት ሆኗታል። በመርከብ የሚመጡት እንግዶች ከጣሪያው በተንጠለጠለችው ትንሽ የእንጨት ጀልባ ሥር ቆመው፣ "ይህች የማን ናት?" ይሏታል። ባሕር የበላው የባሏ የፍራኔ ማስታወሻ መሆኗን ትነግራቸዋለች፤ ወደ ባሕር በወጣበት ጠዋት የተናገረውን የመጨረሻ ቃሉንም።

አንድ ቀን የፍራኔ ታላቅ እህት ዶብሪላ አበባ ልትቀይር ገብታ ሰማቻት። እንግዶቹ እንባቸውን እየጠረጉ ሲወጡ ወገቧን ይዛ ቀረበች።

"'ባሕሩ ቢወስደኝ በከዋክብት መሃል ፈልጊኝ' አለ? ጫማውን እንኳ ፈልጎ የማያገኘው ፍራኔ?"

"ብሏል እንጂ!"

"በለቅሶው ሰሞን እንዲህ አላልሽም።"

"ታዲያ ምን ነበር ያልኩት?"

"እኔ ምኑን አውቄ? ያንቺ ባል፣ ያንቺ ጠዋት።"

ቪንካ አግዳሚው ላይ ቁጭ አለች። አንድ ክረምት አንዲት እንግዳ ሴትዮ የከዋክብቱን ቃል ስትሰማ እጇን ጭምቅ አድርጋ እንደያዘቻት ትዝ አላት። በማግስቱ ከዋክብቱን ቀደም አድርጋ አነሳቻቸው። እንግዶች ሰዓታቸውን ያዩበትን ቃል ደግሞ ሁለተኛ አልደገመችውም። እውነተኛው ቃል በዚያ መንገድ ሳይጠፋ አልቀረም። ያ ነው ያንገበገባት፤ የባሏን የመጨረሻ ቃል መልሳ ትፈልገዋለች።

ማታውኑ ዶብሪላ ቤት ሄዳ የዚያን ጠዋት ወሬ ከመጀመሪያው ጀመረችው። ዶብሪላ ሳቀች። ቪንካ ወዲያው የፍራኔን ኩርፊያ ጨመረችበት፤ ከዚያ ድንገት ቆም አለች።

"አየሽ እታለም! ስትስቂልኝ ደግሞ ቀልድ አደረግኩት። ፊትሽን አዙሪ። አትሳቂ፣ 'እህ' እንኳ አትበይ።"

"ላም ነኝ እንዴ?"

"ላምማ ጆሮዋን ትነቀንቃለች።"

ዶብሪላ ወደ ግድግዳው ዞራ ባቄላዋን ትፈለፍል ጀመር። ቪንካ አወራች። ከዋክብቱ መጡ፤ ማንም አልተነፈሰላቸውም። ደግማ አወራች። በሦስተኛው ከዋክብቱ ለራሷም አሰለቿት፣ በአራተኛው ረሳቻቸው። በአምስተኛው ወሬዋ ፍራኔ ከደጅ ተመልሶ በሩን በትከሻው ከፈተ፤ ከገበታው አንድ የደረቀ በለስ አነሳ፤ እንቅልፍ ባልለቀቀው ድምፅ፣ "ለዶሮዎቹ ውሃ አላደረግኩም፣ አንቺ አድርጊላቸው" አለ።

የዶብሪላ እጅ ባቄላው ላይ ቀረ።

"ይሄ እሱ ነው" አለች።

ቪንካ አፏን በእጇ ያዘች። "ቆይ፣ ውሃውን ግን አድርጌላቸው ነበር?"

"ዝም ብለሽ ቀጥይ" አለች ዶብሪላ ለግድግዳው፤ "ገና አልዞርኩም።"