ሳይቀላ የቀለጠው ክራንች

የእህቴን የሙኒራን የአሉሚኒየም ክራንች የሰበርኩት ሦስተኛ ክፍል እያለሁ ነው። ቡታጅራ፣ ከቤታችን ጀርባ ያለውን ቦይ ልዘልበት ስመረኮዘው መሃሉ ላይ ጎበጠ። የድስታችን ጠርዝ ሲጣመም እናቴ በጣቷ ገፋ አድርጋ ስታቃናው አይ ስለነበር፣ አሉሚኒየም ሁሉ አንድ መስሎኝ በበሩ መቃን ሰክቼ መልሼ ሳብኩት። ቀጭ ብሎ ለሁለት ተሰበረ።

ቅዳሜ ነበር። ሙኒራ ሰኞ የስምንተኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና አለባት። አንድ እግሯ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ስለማይሸከማት፣ ከአታት ሆስፒታል ያመጣነው ይህ ክራንች ከሌለ ትምህርት ቤት መድረስ አትችልም።

ትከሻዬን ተደግፋ ገበያው ጥግ ወዳሉት ብረት ቀጥቃጭ፣ ወደ ጋሽ ከድር ሄድን። የከሰልና የተቃጠለ ዘይት ሽታ ገና ከበሩ ተቀበለን።

«ወድቄ ነው» አለቻቸው፣ እኔ አፌን ሳልከፍት።

«አንቺ ወድቀሽ እሱ ተሰበረ? ጠንካራ ነሽ በይ» ብለው ሳቁና ሁለቱን የተሰበሩ ጫፎች ከሰሉ ውስጥ ከተቱ። ወናፉን እየነፉ እስኪቀላ ጠበቁ። ብረት መጀመሪያ ይቀላል፣ ከዚያ ይመታል፤ ዕድሜ ልካቸውን የሚያውቁት ይህንን ነው። ክራንቹ ግን መልኩን ሳይለውጥ ቆይቶ ድንገት እንደ ሻማ ተዝለፈለፈ፤ ከሰሉ ላይ ተንጠባጠበ።

ጋሽ ከድር ጉጠቱን አስቀመጡ።

«ይሄን አላውቀውም» አሉ ቀስ ብለው። «ሳላውቀው እሳት ውስጥ መክተት አልነበረብኝም። አውፍ በይኝ ልጄ።»

ትልቅ ሰው እንደዚያ ሲል ሰምቼ አላውቅም ነበር። አፈርኩ።

«የሰበርኩት እኔ ነኝ» አልኩ።

«አይቼሃለሁ እኮ» አለች ሙኒራ። «ይልቅ ቱቦውን ያዝላቸው።»

የቀለጠውን ጫፍ በመጋዝ ቆረጡ። የወይራ እንጨት ጠርበው ሁለቱን ቱቦዎች ከግራና ከቀኝ አለበሱት፤ ቁመቱ እንዳያጥር እንጨቱ መሃል ላይ አራት ጣት ያህል እንዲታይ ተዉት። ከዚያ ያለ እሳት፣ በምስማር ቀጥቅጠው አሰሩት። ሙኒራ ደጃፋቸው ላይ ወዲያ ወዲህ ብላ ሞከረችው። ሰኞ ጠዋት ከሁላችንም ቀድማ ከቤት ወጣች።

ዛሬ ወልቂጤ የአሉሚኒየም በርና መስኮት እሠራለሁ። ንጹሑ አሉሚኒየም ለስላሳ እንደሆነ፣ ማግኒዚየምና ሲሊከን ሲገባበት ቅለቱን ሳያጣ እንደሚጠነክር፣ የጠነከረው አንዴ ከጎበጠ መልሶ መቃናት እንደማይወድ፣ ሳይቀላም እንደሚቀልጥ አውቄያለሁ። የሚበይደው ማሽንም መጥቷል። ደንበኛ የማናውቀውን ዕቃ ሲያመጣ አለማወቃችንን ላለመናገር ሁላችንም «አስቀምጠው፣ ማታ ና» እንላለን። በቀደም አንዱን «ይሄን አላውቀውም» ስለው ዕቃውን ሰብስቦ ጎረቤት ሱቅ ገባ። አልፈረድኩበትም። እኔና ሙኒራ ግን ያን ቀን ከጋሽ ከድር ደጅ የትም አልሄድንም።