ድል ድል ይል የነበረው ሰውዬ

ልጅ ሳለሁ ከቤታችን ሁለት በር ዝቅ ብሎ የጋሽ ከድር ልብስ ስፌት ቤት ነበር። ጋሽ ከድር ከስልጤ አገር መጥተው ሚዛን ተፈሪ የከተሙ፣ መቀሳቸውንና ምላሳቸውን እኩል የሳሉ ሰው ነበሩ። ያኔ አባቴ ከአራተኛ ክፍል አስወጥቶ ቡና ለቀማ አሰማርቶኝ ስለነበር፣ አመሻሽ ላይ እሳቸው ዘንድ ቁጭ ብዬ ቁልፍ እየሰፋሁ አለቅስ ነበር። የከሰል ካውያው ፍም በቀዳዳው ቀልቶ እየታየ፣ የእርጥብ ጨርቅ እንፋሎትና የኩራዝ ጭስ ዓይኔን እየቆጠቆጠኝ፣ እሳቸው ሬዲዮናቸውን ያዞሩ ያዞሩና አንድ የህንዶች የኡርዱ ቋንቋ ጣቢያ ላይ ያቆማሉ።

እዚያ አንድ ሰውዬ ይዘፍን ነበር። የሚለውን ጋሽ ከድር እየተረጎሙልኝ፣ ሕይወቱን ከአባቴ ሕይወት አብልጬ አወቅሁት። የሸማኔ ልጅ ነው፤ ተማሪ ቤት ደጃፍ አልረገጠም፤ ፊደል የለየው ከስኳር መጠቅለያ ጋዜጣ ላይ ነው። ሬዲዮ ጣቢያ የገባው ወለል ሊጠርግ ነው። አንድ ቀን ዘፋኙ ቢቀር፣ መጥረጊያውን ጥሎ ራሱ የገጠመውን ዘፈነና አገር ጉድ አለ። ኋላ አለቃው «እኔን አወድሰኝ» ቢለው እምቢ ብሎ ተባረረ።

«ከዚያስ? ተመለሰ?» እላለሁ።

ይሄኔ የባትሪው ድንጋይ ይደክማል። ፀሐይ ላይ ሲሰጣ ነፍስ ይዘራል ይባላል፤ ሚዛን ላይ ፀሐይ ከየት ተገኝታ! በዚያ ዝናብ የተነሳ ስንት ሳምንት ያ ሰውዬ እንደተባረረ ከርሟል።

«መመለሱንማ ራሱ እየነገረሽ!» ይላሉ ጋሽ ከድር። «ድል ይላል፣ አትሰሚም? ያልተመለሰ ሰው ድል ድል ይላል?»

እውነትም ይላል፤ በየስንኙ ድል ነው። እሱ ከተመለሰ እኔም ትምህርት ቤት እመለሳለሁ ብዬ፣ ቁልፍ የተጠቀለለበትን ጋዜጣ ሁሉ ፊደል በፊደል እየለቀምኩ ጠበቅሁ። እኩዮቼ ደብተር ይዘው ሲያልፉ በሆዴ «ቆዩኝ» እላቸው ነበር። ማን ሊቆየኝ! አባቴም አልመለሰኝ። ንባቡ ብቻ ቀረልኝ።

ዓመታት አልፈው ዩኒቨርሲቲው ሲከፈት በሩ አካባቢ ሻይ ቤት ከፈትኩ። አንድ ህንዳዊ መምህር ሻይ እየጠበቀ ሲያንጎራጉር «ድል» አለ። ማንቆርቆሪያውን አስቀምጬ ምን ማለት ነው አልኩት። እጁን ደረቱ ላይ አኑሮ፣ በዚያ ስብርብር አማርኛው «ልብ» አለኝ። ልብማ በግም አለው!

ሽርጤን ሳልፈታ ጋሽ ከድር ዘንድ ሄድኩ። አርጅተዋል፣ ጆሯቸውም ከብዷል።

«ጋሽ ከድር፣ በነሱ ቋንቋ ድል ማለት ልብ ነው!» ብዬ ጮህኩ።

ትንሽ አሰቡና፣ «እንግዲያ ዘፋኙ ተሳስቷላ» አሉ።

«ቀልዱን ይተዉኝ! ኡርዱ ያውቃሉ አያውቁም?»

«ዱንያ ሲል እሰማለሁ፣ ኸበር ሲል እሰማለሁ፤ ዓለምና ወሬ ማለት ነው፣ ቁርዓን ቤት የተማርኳቸው ናቸው። ድል ደግሞ አማርኛ ነው።»

«ሸማኔው አባቱስ? መጥረጊያውስ? መመለሱስ?»

መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ። «አንቺ ልጅ፣ ማታ ማታ እያለቀስሽ ትመጪ ነበር። ምን ልበልሽ?»

በሦስት ቃል አንድ ሙሉ ሰው ሰፍተው አልብሰውኝ ኖሯል። ልብ ሳንል ልብን ድል አልነው። ተናደድኩ፤ እስካሁንም ንዴቱ አልወጣልኝም። አባቴን ተጣልቼ፣ እግሩ ላይ ወድቄም ቢሆን ልማር የምችልበትን ጊዜ፣ የማላውቀው ሰው ድል እስኪደርሰኝ ስጠብቅ አሳለፍኩት። ደግሞ ያ ውሸት ባይኖር ያንን የቁልፍ መጠቅለያ አነብ ነበር ወይ? ይህን ሳስብ ንዴቴን የማሳርፍበት አጣለሁ።

ሰውዬው ይመለስ አይመለስ አሁንም አላውቅም። ጋሽ ከድርን በደጃፋቸው ሳልፍ ሰላም እላቸዋለሁ እንጂ ደግሜ አልጠየቅኳቸውም። ብጠይቃቸው ተመልሷል ይሉኛል፤ እኔም አምናቸዋለሁ ብዬ እፈራለሁ።