ስሙን ያስጻፈው ሰው

በዘጠና ሰባቱ ምርጫ ሰሞን፣ በጅጋ የገበያ ቀን፣ ልብስ ሰፊው ምስክር ሬዲዮውን ከፍቶ ይሰፋል። አንድ የማያውቀው ገበሬ የተጣፈ ኮቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ፣ ባርኔጣውን አውልቆ ያዳምጣል። ሬዲዮው በአንዲት የእንግሊዝ ከተማ ነዋሪዎች ለአካባቢያቸው ጣቢያ እየደወሉ ከንቲባውን እንደሚጠይቁ ያወራል። አንዲት ሴት ቆሻሻ አልተነሣልንም ብለው አፋጥጠውታል።

«ሴትዮዋ ስማቸውን ተናገሩ?» አለ ገበሬው።

«ከነሰፈራቸው» አለ ምስክር።

«ማንም አልነካቸው?»

«ኧረ ከንቲባው ይቅርታ ጠየቃቸው!»

ገበሬው ጥቂት አሰበና ሱሪ ሊያሳጥር ተራ ወደሚጠብቀው የውሃ ሥራ ሹም ዞረ።

«ጌታዬ፣ የመንደራችን ቧንቧ ከደረቀ ሁለት ዓመቱ ነው። መቼ ይጠገናል?»

ምስክር የስፌት መኪናውን አቆመ። የሹሙ ፊት ጠቆረ፤ ደብተሩን አወጣ።

«ስምህ ማነው?»

ሰውየው ስሙን ከነአያቱ፣ መንደሩን ከነአጥቢያው ጮክ ብሎ ተናገረ። ምስክር ከድንጋጤው ብዛት አንዱንም በልቡ አልያዘ። ሹሙ ጽፎ ሲጨርስ ገበሬው አንገቱን አስግጎ ደብተሩን አየ።

«የአባቴን ስም አሳስተውታል» አለ ረጋ ብሎ፤ «ያርሙልኝ።»

ሹሙ ሰረዘና እንደገና ጻፈ።