ቅቤ ያልነካት ሸክላ

ባለፈው ቅዳሜ ልጄ ሰላም ተልባ ስትቀቅል ያ የማውቀው ሽታ፣ ከጎተራና ከዝናብ የተቀላቀለ የሚመስለው፣ ቤቱን ሞላው። ስልኳን ከድስቱ አጠገብ አቁማ፣ አንዲት ቆንጅዬ ልጅ እዚያ ውስጥ ሆና የምትላትን እየተከተለች ታማስላለች። ለደረቅ ቆዳ የሚሆን ጄል ነው አለችኝ፤ ሳይቀዘቅዝ መጠለል እንዳለበት፣ ገላ ታጥቦ ቆዳው እርጥበቱን ሳይጨርስ መቀባት እንዳለበት፣ እኔን፣ በተልባ ያሳደገችኝን የእናቴን የብርቄን ልጅ፣ ታስተምረኛለች። ሳቄን ዋጥ አድርጌ ሰማኋት። ጄሉን የምታስቀምጥበት ዕቃ ስትፈልግ ግን ከቁም ሳጥኑ ላይ አንዲት ጭብጥ የምታክል፣ አፏ የተሸረፈ ሸክላ አንስታ «እማ፣ ይችን ልጠቀምባት?» አለች። መልስ ሳልሰጣት ተቀበልኳትና ይዣት ተቀመጥኩ።

ንፋስ መውጫ ውስጥ ያደገ ሰው ታኅሣሥን በቆዳው ያውቀዋል። ሌሊት ውርጭ፣ ቀን ደግሞ አቧራ የተሸከመ ደረቅ ንፋስ ስለሚፈራረቁብን፣ ጉንጫችን ይሻክራል፣ ክርናችን ይነጣል፣ ከንፈራችን ተሰነጣጥቆ እንደ ልብ መሳቅ ራሱ ያስቸግረን ነበር። እናቴ በየቅዳሜው አጥባን ሳታደርቀን፣ ተልባ አፍልታ ያጠለለችውን ዝልግልግ ውሃ ከአንገት እስከ ተረከዝ ትለቀልቀናለች፤ ከዚያ እንደ ዓሣ እየተንሸራተትን ልብሳችንን ለመልበስ የምናደርገው ትግል ለብቻው አንድ ጨዋታ ነበር። ለነገሩ ከተልባው ቅቤ ይሻል ነበር፤ ቅቤም ከቤት አይጠፋም። ችግሩ ቆዳ የሚሰነጠቅበት ወቅት የነቢያት ጾም መሆኑ ነው። እናቴ ደግሞ በጾም ቅቤ መብላቱን ተዉት፣ ራሷን እንኳ አትቀባም፤ የቅቤው ቅል ባለፈበት መንገድ የምታልፍ አይመስለኝም።

እናቴ ፈታይ ነበረች። እንዝርቷ ስትሾር ድምፅ የላትም፣ ክሯም እንደ ፀጉር የቀጠነ ነው ይባልላት ነበር። ክሯን ወደ ኩታ የሚለውጠው ደግሞ ከአጥራችን ወዲያ የሚኖረው ሸማኔ፣ የእትየ ዘሃራ ባል ነበር። እትየ ዘሃራ ከእናቴ በዕድሜ ታንሳለች፣ ሙስሊም ናት፣ ሳቋ ከሰውነቷ ይበልጣል። በመካከላችን የነበረው አጥር ለይስሙላ ነው፤ ዶሮዎቻቸው እንኳ የትኛው ቤት እንደሚያድሩ በየቀኑ ይማከሩ ነበር።

ታላቅ እህቴ ዘውዴ ለጥር በታጨችበት ዓመት በረዶ ተልባውን ከነአበባው መታው። ቤት የቀረችውን ጥቂት ፍሬ እናቴ ለኛ ፊትና ለጾም ወጥ አብቃቃቻትና ለራሷ እጅ አንድም ጠብታ አልተረፈም። በኅዳር መጨረሻ ላይ የጣቶቿ ጫፍ ተሰነጣጠቀ። ለሌላ ሰው ይኸ ሕመም ብቻ ነው፤ ለፈታይ ግን ሥራ ማጣት ነው። ጥጡን በሳበች ቁጥር ሻካራው ጣቷ ይይዘዋል፣ ክሩ ይቋጠራል፣ ይበጠሳል። ለሙሽራዪቱ የሚሆነውን ኩታ ደግሞ እናት በገዛ እጇ ካልፈተለችው እንደ እናት ስጦታ አይቆጠርም ነበር። ሌላ ሰው ይፍተልልሽ ሲሏት ትቆጣለች፤ ልጄን የሰው ክር አልብሼ አልድርም ትላለች። አመሻሽ ላይ ቋጠሮ የበዛበትን ልቃቂት ወደ ጥግ ወርውራ እጆቿን ብብቷ ውስጥ ስትሸጉጥ ትዝ ይለኛል። እኛም ድምፃችንን ቀንሰን እንጫወት ነበር።

የነፍስ አባታችን ቤት ሊባርኩ የመጡ ዕለት ጠየቀቻቸው። «አባ፣ ይፍቱኝ፣ እጄን ቅቤ ብቀባው ጾሜን ያፈርስብኛል?» አለቻቸው። እሳቸውም እጇን ገልብጠው አዩና «ልጄ፣ ይኸ እኮ ቁስል ነው። ለመድኃኒት ከሆነ ተቀቢ፤ አልከለክልሽም» አሏት። ተሳልማ ሸኘቻቸውና አልተቀባችም። ይኸው እጅ ሽሮ ይነካል፣ እንጀራ ያነሳል፣ ጾመኛ ያጎርሳል፤ እሳቸው ቢፈቅዱም እጄ አይፈቅድልኝም አለች። ዘውዴ አለቀሰች። ኩታውም ይቅርብኝ፣ ሠርጉም ይቅርብኝ አለች።

ይኸ ሁሉ ሲባል እትየ ዘሃራ ከአጥሩ ወዲያ ትሰማ ኖሯል። በማግስቱ ይችን ሸክላ በነጠላዋ ጫፍ ሸፍና መጣች። ከማር ሻጮች ሰም አምጥታ በኑግ ዘይት አቅልጣዋለች፤ ቢጫ፣ ለስላሳ፣ ማር ማር የሚል ነገር ነበር። እናቴ ግን ዕቃውን በዓይኗ እየጠረጠረች እጇን አልዘረጋችም።

«እት ብርቄ፣ ወላሂ ቅቤ አልነካትም» አለች እትየ ዘሃራ። «የኔ ሸክላዎች ሁሉ ቅቤ የለመዱ ናቸው ብዬ ይችን ትናንት ኸገበያ አዲስ አመጣሁ። ማማሰያዋም አዲስ ናት። ጦምሽን እኔ ላስፈርስሽ?»

«ምን በወጣሽ ይኸን ሁሉ ትደክሚያለሽ?» አለች እናቴ።

«እኔ ስጦም አንች ፊቴ ውሃ ጠጥተሽ ታውቂያለሽ?»

እናቴ እጆቿን ዘረጋች። እትየ ዘሃራም ለብ ባለ ውሃ ያለ ሳሙና ነከረቻቸው፣ ውሃውን ብቻ አራገፈች፣ ከዚያ ጣቶቿን አንድ በአንድ እያሸች ቀባቻትና በቡትቶ ጠቀለለቻቸው። እኛ ልጆች አፋችንን ከፍተን ነበር የምናየው፤ እናታችን ሰው ስትቀባ እንጂ ሰው ሲቀባት አይተን አናውቅም። ዓይኖቿን ጨፍና ነበር። ቀስ በቀስ ስንጥቁ ገጠመ፣ እንዝርቷም ወደ ዝምታዋ ተመለሰች። ዘውዴ በጥር ያንን ኩታ ለብሳ ተዳረች። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ጾሙ ሲገባ እትየ ዘሃራ ሸክላዋን ሞልታ ትመጣ ነበር፤ ቅባቱ ሲያልቅም ያችኑ አጥባ መልሳ ትሞላታለች።

በኋላ የፋብሪካ ልብስ ገበያውን ሲሞላው የሸማኔው መወርወሪያ ሥራ ፈታ። እነእትየ ዘሃራ ዘመድ ወዳላቸው ወደ መካነ ኢየሱስ ሄዱ፤ ስትሰናበት የሞላቻት ሸክላ እኛው ጋ ቀረች። ከዓመታት በኋላ መሞቷን ሰማን። ሰሙ ምን ያህል፣ ዘይቱ ምን ያህል እንደሆነ ማናችንም ጠይቀናት አናውቅም። ምን ያስጠይቀናል? አጥር ተሻግራ ትመጣ የለም እንዴ!

እናቴ የመጨረሻውን ጾሟን የጾመችው እኔ ቤት ተኝታ ነው። እጆቿ እንደዚያ ዓመት ተሰነጣጥቀው፣ ብርድ ልብሱን በነኩ ቁጥር ፊቷን ታጨማድድ ነበር። ከፋርማሲ ጥሩ የተባለውን ቅባት አመጣሁላት። አሸተተችውና «ቅቤ የለበትም?» አለችኝ። ማሸጊያውን አገላብጬ አየሁት፤ ጽሑፉ ጉንዳን ያክላል፣ ስሞቹንም አላውቃቸውም። እናቴን መዋሸት አልሆነልኝም። አላውቅም አልኳት። «እንግዲያው ይቅር፣ ልጄ» ብላ እጆቿን ጋቢው ውስጥ አስገባች። ሰምና ኑግ ዘይት ገዝቼ ራሴ ሞከርኩ፤ መጀመሪያ እንደ ውሃ ፈሰሰ፣ ሰም ስጨምርበት ድንጋይ ሆነ። ሦስተኛውን ሙከራ እሳት ላይ ጥጄው ሳለሁ አረፈች። ገና አልደረሰም ነበር። እጆቿ እንደሻከሩ ተገነዙ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ሰላም አሁንም ቆማ ትጠብቀኛለች። የሸክላዋን ውስጥ በጣቴ ዳሰስኩት፤ ከሥሯ የጥፍር ያህል ሰም ደርቆ ቀርቷል፤ ሽታው ግን ጠፍቷል። የሰላም ጄል ደህና ጄል ነው፤ እኔም እቀባዋለሁ። ነገር ግን ስልኩ ውስጥ ያለችው ልጅ ለሌላ ሰው ጾም ስትል ገበያ ወርዳ አዲስ ሸክላ አትገዛም፤ እኔም ብሆን የጎረቤቴን ጾም አላውቅም፤ በመካከላችን ያለው ግንብ ረጅም ነው።

«ውሰጃት» አልኳት። «ቅቤ ብቻ እንዳታስነኪያት።»

«አሁን እኮ ጾም አይደለም፣ እማ። ደግሞ ማን ሊጠይቀን?»

የሚጠይቀን የለም። ሁለቱም የሉም።

«ቢሆንም» አልኳት፣ «አታስነኪያት።»