ለሙሽራ የተሠራ ድልካ

ባለፈው ቅዳሜ ጎንደር ገበያ ስሄድ የሰንደል ሽታ አቆመኝ። በደርግ ጊዜ አክስቴ መተማ ዮሐንስ ገበያ ላይ የሰሊጥ ዘይትና ድልካ ትሸጥ ነበር። ድልካ የማሽላ ሊጥ በጭስ ታጥኖ ከሰንደል እንጨት ዱቄት ጋር የሚለወስ የገላ ማሻ ነው፤ ሙሽሮች ይወዱታል።

አንድ ቀን አጠገቧ ተቀምጬ ሳለሁ፣ ሠርጓ የደረሰ ዘነበች የምትባል ልጅ የገዛችውን ድልካ ይዛ መጣች።

«ይህን መልሰው ይውሰዱልኝ፣ እትዬ» አለቻት። «እጮኛዬን ትናንት ኮኪት ላይ ለውትድርና አፍሰው ወሰዱት። ከእንግዲህ ለማን ብዬ እቀባዋለሁ?»

አክስቴ አልተቀበለቻትም። የዕቃውን ክዳን ከፈተችና ድልካውን በዘይት አርሳ የልጅቱን ክንድ በቀስታ ታሽላት ጀመር።

«እሱን በሰላም ይመልስልሽ» አለቻት። «ገላሽ ግን የራስሽ ነው፣ ልጄ። ሐዘን አያድርቀው።»

ዘነበች እስከዚያ ድረስ አላለቀሰችም ነበር። ያን ጊዜ አለቀሰች፤ ሁለተኛውን ክንዷንም ራሷ ዘረጋችላት።

እጮኛዋ ይመለስ አይመለስ ሳልሰማ ከመተማ ወጣሁ። አሁን ሳስበው፣ አክስቴም ባሏ ሱዳን ተሻግሮ የቀረባት ሴት ነበረች። ያን ቀን ግን ስለ ራሷ አንድም ቃል አልተናገረችም።