«እናቱ ለምን አታለቅስም?»

ከመርሳ የወጣሁት ገበያ ሲበተን፣ ሰው ሁሉ አህያውን እየነዳ ወደየቀዬው ሲመለስ ነው። ለእናቴ ወልድያ ሥራ ልጠይቅ ነው ብያታለሁ። መናኸሪያው በር ላይ ቲቸር ጌታሁንን ሳይ ደነገጥኩ። ፊዚክስ ያስተማሩኝ ሰው ትንሽ ቦርሳ በትከሻቸው አንጠልጥለው፣ እኔን ወደ ሳዑዲ የሚወስደኝን ደላላ ይጠብቃሉ።

«ቲቸር፣ አንቱም?» አልኳቸው።

«ደመወዙ ቤት ኪራይና ዘይት ላይ ያልቃል። አንተስ፣ በዲግሪህ?»

እኔማ በዕፅዋት ሳይንስ ተመርቄ፣ ሲሪንቃ በቀን ሥራ ማሽላ ሳርም ነበር የከረምኩት። 

ከወልድያ በአይሱዙ ተጭነን በጭፍራ በኩል ወደ አፋር ወረድን። የበረሃውንና የጅቡቲን ዳርቻ ነገር ብዙ አልተርክላችሁም። መርሳ በግንቦት ይሞቃል የምትሉ፣ አሸዋ ጫማ አልፎ እግር ሲቀቅል አላያችሁም። በአንዲት ጀልባ ውስጥ ተደራርበን፣ ሰው ሲያስነጥስ እንኳ የምንገለበጥ እየመሰለኝ ባሕሩን ተሻገርን። የመን እንደረገጥን የታጠቁ ሰዎች ከበው ወደ አንድ ግቢ ነዱን። እነሱ ሐውሽ ይሉታል፤ እኔ በረት እለዋለሁ።

አለቃቸው በተሰባበረ እንግሊዝኛ «ከእናንተ የተማረ ማነው?» ብሎ ጮኸ። ማንም አልተነፈሰም። የተማረ ሰው ዘመዱ ገንዘብ አለው ብለው አብዝተው እንደሚደበድቡ በመንገድ ሰምተናል። እኔ ዩኒቨርሲቲ የጨረስኩት ሰው፣ ፊደል እንዳልቆጠረ አፌን ከፍቼ አየሁት። እንደዚያ ቀን መሃይም መሆንን ተመኝቼ አላውቅም።

ዘይነባ የምትባል የውርጌሳ ልጅ በትኩሳት ትቃጠል ነበር። ውኃ ብትለምን ጠባቂዎቹ ቋንቋዋን አይሰሙም። ቲቸር ድንገት ተነሡ። ሸሚዛቸውን ይዤ ብጎትትም አልተቀመጡም። በእንግሊዝኛ «ይህች ልጅ ልትሞት ነው፤ ውኃና መድኃኒት ስጧት» አሉ።

አለቃው የፈለገውን እንዳገኘ ሰው ሳቀ። መድኃኒቱ መጣ፤ ዘይነባም ዳነች። ቲቸር ግን ከዚያ ሰዓት ጀምሮ የግቢው አስተርጓሚ ሆኑ።

«ምነው ቲቸር፣ ዝም ቢሉ ምን ነበረበት?» አልኳቸው በሹክሹክታ።

«ቋንቋውን እያወቅሁ ስትሞት ልያት?» አሉ። ይህን ሲሉ በሩን በሩን ያዩ ነበር። እሳቸውም እንደኔው ፈርተዋል።

ሥራቸው ወደየቤታችን ሲደወል የአለቃውን ዛቻ በአማርኛ ማስተላለፍ ነበር። የኔ ተራ ደረሰና የእናቴ ድምፅ በስፒከር መጣ። አለቃው ቢላ እየነቀነቀ «ጣቱን ቆርጬ እልክልሻለሁ በላት!» ብሎ ጮኸባቸው። 

ቲቸር ስልኩን ወደ አፋቸው አስጠጉ። «እናቴ፣ እንደምን ዋሉ? ልጅዎ በሕይወት አለ፤ እዚሁ አጠገቤ ነው። ገንዘብ እየጠየቁ ነው። አይደንግጡ፤ ከዘመድ ጋር ይመካከሩ» አሉ፣ ልክ የወላጅ ስብሰባ ላይ እንዳሉ።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ የኔ ጌታ» አለች እናቴ። ስልኩ ተዘጋ።

አለቃው ቲቸርን አየ፤ እኔን አየ።

«እናቱ ለምን አታለቅስም?» አለ።

 ሁለት ሰዎች መጥተው ቲቸርን መኪና ላይ ጫኗቸው። ወዴት እንደወሰዷቸው የሚያውቅ ሰው እስከ ዛሬ አላገኘሁም።

እኔን አባቴ በሬዎቹን ሸጦ አስለቀቀኝ። አሁን ሳዑዲ፣ ጂዛን አካባቢ ፍየል እጠብቃለሁ። ዳቦው ሆድ ይነፋል እንጂ አንጀት አይደርስም። ሰላምታውም እንደኛ ስለ ከብትና ስለ ዝናብ አይጠይቅም። አንድ ቀን አሠሪዬ «ምን ተምረሃል?» አለኝ።

«ምንም» አልኩት።

«ጎበዝ! የተማረ እረኛ ነበረኝ፤ የእረፍት ቀን ጠየቀኝ» አለ።

ባለፈው ሰሞን የቲቸር ባለቤት፣ እትዬ ዘውዴ፣ ቁጥሬን ከእናቴ ወስደው ደወሉ። ያየሁትን ሁሉ ነገርኳቸው። አልቅሰው አልቅሰው ሲያበቁ፣ «ልጃችን ትምህርት በቃኝ ብላ ቤት ተቀምጣለች። እስቲ አንተ አናግራት» ብለው ስልኩን ሰጧት።

«አባትሽ ባይናገሩ ዘይነባ ትሞት ነበር» አልኳት። «እናቴም በድንጋጤ ያልሞተችው በእሳቸው ነው።»

«እሺ» አለች። «ጋሼ፣ አባዬ እንግሊዝኛ ባይችል ኖሮ ግን አሁን ቤቱ ነበር፣ አይደል?»